ቡና ለቃሚ ነበሩ ብለሽ ጻፊ

«እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። አያቴ አምና አረፈች። አኮ ነበር የምንላት። ዕድሜዋ 88 ነው ይባላል፤ ልክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከሁለት ወር በኋላ ሙት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ «የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብሎ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ አዞኛል። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ቀደድኩ። ምን ብዬ ልጻፍ? አልተማረችም። ሹመት አልነበራትም። 30 ዓመት ቡና መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ኖረች፤ ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ ትጸልያለች፤ አለቀ። አኮ ምንም አላደረገችም። አክስቴ «ቡና ለቃሚ የሚለውን አውጪው፣ በንግድ ሥራ ይተዳደሩ ነበር በይ» አለችኝ። አጎቴ ጴንጤ ነው፤ «ካቶሊክነቱን አታንሺው፣ ክርስቲያን ነበሩ ማለት ይበቃል» ይላል። አክስቴ ኦርቶዶክስ ብትሆንም በዚህ ከእሱ ጋር ተስማምታለች። ደግሞ አኮ ከታናሽ እህቷ ጋር በቤት ውርስ ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። እሱንስ ምን ላድርገው? ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከመሞቷ በፊት በነበረው ማታ ሁለት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበርኩ። አላነሳሁም።

ሰ.፣ ከፈረንጅ አራዳ»

ውድ ሰ.፣

ነፍሳቸውን ይማር። አንቺንም እግዜር ያጥናሽ።

ከመጨረሻው ልጀምር። እሱ ሳይቃለል እጅሽ ብዕር የሚይዝ አይመስለኝም።

ያልተነሳ ስልክ ከባድ ነው። «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብዬ አላልፈውም። ግን ያን ማታ አብሯቸው የነበረው ማነው? ጠይቀሽዋል? ለምን እንደደወሉ የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ምናልባት ሌላ ጊዜ እንደሚደውሉት «በላሽ ወይ?» ሊሉሽ ይሆናል። ምናልባትም ሌላ ነገር ነው። አንቺ ግን ሳትጠይቂ ዓመት ሙሉ «ልትሰናበተኝ ፈልጋ ነበር» የሚለውን ተሸክመሽ ከርመሻል። ጠይቂ። መልሱ ቢያስለቅስሽ እንኳ ሌሊት ብቻሽን ከምትገምቺው ይሻላል። ደግሞም ለእሳቸው የምታደርጊው ነገር አላለቀም። በእምነታቸው ለሞተ ሰው ይጸለያል፣ ይቀደሳል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

የቀደድሻቸው ጽሑፎች እንዴት እንደጀመሩ ሳላያቸው እገምታለሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ጅማ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» እዚህ ላይ ብዕርሽ ቆመ። አኮ ትምህርት ቤት አልገቡማ። ቀጥሎ የሚመጣው «በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በቅንነት አገልግለዋል» የሚለው ነው። እሱም የለም። ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲታከሙ ቆይተው» ይላል። ይሄ ጽሑፍ ለባለሥልጣን የተሰፋ ልብስ ነው። ለአኮ ልክ አልመጣም። ልብሱን መጣል ሲገባሽ «አኮ ምንም አላደረገችም» ወደሚለው ሄድሽ።

እኔም እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቻለሁ። ልንገርሽ።

አክስቴ ስትሞት የሕይወት ታሪኳን በአንድ ሌሊት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አክስቴ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ቤተሰባችን በሻይ ቤቱ ያፍር ነበር፤ ዛሬ ይሄን ስጽፍ ራሱ ፊቴ ይግላል። «በንግድ ሥራ ተሰማርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ» ብዬ ጻፍኩ። ያው አክስትሽ ጻፊ ያለችሽን ዓይነት። ድንኳኑ ውስጥ ተነበበ። ሰው ዝም ብሎ ሰማ። ሲያበቃ አንድ ሸበቶ ሰውዬ አጠገቤ መጥተው «ሻይ ቤቱን ለምን አላነሳሽውም?» አሉኝ። ተማሪ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጅማ ሲገቡ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የደረሱት በእኩለ ሌሊት ነበር። የሚያውቁት ሰው የለም። አክስቴ ሻይ ቤቱን እየዘጋች ነበር። መልሳ ከፈተች። አግዳሚዎቹን ገጥማ፣ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰቻቸው። ጠዋት ሒሳብ አልተቀበለችም። «እኔ የመጣሁት ለዚያ ጋቢ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጋቢውን ከነሻይ ቤቱ ከታሪኳ አውጥቼዋለሁ። እንደዚያ ያደሩ ሌሎች ስንት እንደነበሩ ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ አክስትሽን በፍቅር እምቢ በያት። እልኸኛ ሆነሽ አይደለም። እናቷን ከፍ ለማድረግ እንደፈለገች ይገባኛል። ግን «በንግድ ሥራ» የሚለው ቃል አኮን ከፍ አያደርጋቸውም። ያጠፋቸዋል።

ቡና መልቀም ምን እንደሆነ እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው። ጀንፈሉ ከጎማ፣ ከማና፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ይመጣል። ይፈለፈላል። ከዚያ ሴቶቹ ይቀመጣሉ። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን ከደህናው ይለያሉ። የቡና ደረጃ ሲወጣ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ በናሙናው ውስጥ ያለው እንከን ብዛት ነው። «ጅማ 5» የሚባለው በባሕር ማዶ ገበያ የታወቀ ቡና በእንዲህ ዓይነት ሴቶች ጣት ውስጥ አልፎ ነው የሚሄደው። ቡናው ስም አለው። የለቀሙት ሴቶች ስም ግን ጆንያው ላይ የለም። አንቺ ከእነሱ የአንዷን ስም ለመጻፍ ዕድል አግኝተሻል። ይሄን ዕድል «በንግድ ሥራ» ብለሽ ታባክኚዋለሽ?

እንዲህ ያሉ ነገሮችን ፈልጊ። ስንት ሰዓት ከቤት ይወጡ ነበር? ክፍያው በቀን ነው ወይስ በለቀሙት ልክ? የመጀመሪያ ደመወዛቸው ምን ነበር? ልጅ ሲያጠቡ ልጁን አዝለው ይሠሩ ነበር ወይስ ለማን ይተዉት ነበር? አጠገባቸው ማን ይቀመጥ ነበር? በሥራ ላይ ያወሩ ነበር፣ ይዘፍኑ ነበር ወይስ ዝም ነው? ጀርባቸው መታመም የጀመረው መቼ ነው? እቤት ምስር ሲለቅሙ ጣታቸው እንዴት ይሄድ ነበር? ይሄንን አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ አይተሻልና። ለዩኒፎርምሽና ለደብተርሽ የከፈለው ገንዘብ ከየት እንደመጣም ታውቂያለሽ። እሱንም ጻፊ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ጌጥ።

ወደ አጎትሽ ልምጣ።

አጎትሽ ክፉ አላሰበም። ከብዙ እምነት የተሰባሰበ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው በመታሰቢያ ቀን ጭቅጭቅ ይፈራል። ልክ ነው። ግን «ክርስቲያን ነበሩ» የሚለው አኮን አይገልጻቸውም። አንቺም፣ አክስትሽም፣ አጎትሽም ክርስቲያን ናችሁ፤ እንደ አኮ ግን አትጸልዩም። ሰው የሚታወሰው በራሱ መልክ ነው። ማታ ማታ ያን መቁጠሪያ ይዘው ምን ያደርጉ ነበር? ጥቂቱን ልንገርሽ፤ ምናልባት አጠገባቸው ተኝተሽ ሰምተሽው ምን እንደሆነ አልጠየቅሽ ይሆናል። የካቶሊኩ መቁጠሪያ አምስት ዙር አለው፣ በየዙሩ አሥር ትንንሽ ፍሬ። ለየዙሩ ከጌታና ከእናቱ ሕይወት አንድ ምሥጢር ይታሰባል፤ ብሥራቱ፣ ልደቱ፣ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው። አሥሩ ፍሬ ለእመቤታችን የሚቀርበው ሰላምታ ነው። የኦርቶዶክሱ መቁጠሪያ ግን አቆጣጠሩ ሌላ ነው፤ ባለ 41 ወይም ባለ 64 ፍሬ ነው። አክስትሽ የራሷን፣ አንቺ የአኮን ይዛችሁ አንድ ማታ ጎን ለጎን ተቀመጡና ቁጠሩት። ለጸብ አይደለም። ልጅቱ የእናቷን እጅ ትያዝ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ፈልጊልኝ። አኮ በምን ቋንቋ ነበር የሚጸልዩት? በአማርኛ? በኦሮምኛ? የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። በጅማ አካባቢ ካቶሊኮች የሚከተሉት የላቲኑን፣ ማለትም የሮማን የቅዳሴ ሥርዓት ነው። አኮ ልጅ በነበሩበት ዘመን ደግሞ በዚያ ሥርዓት ቅዳሴው የሚቀደሰው በላቲን ቋንቋ ነበር። በሕዝቡ ቋንቋ መሆን የጀመረው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ ነው፤ ጉባኤው የተካሄደው በፈረንጆቹ ከ1962 እስከ 1965 ነው። ስለዚህ አኮ ከልጅነታቸው ካቶሊክ ከነበሩ፣ አንድ የማያውቁትን ቋንቋ ጆሯቸው እስኪለምደው ሰምተው አድገዋል፤ ጎልማሳ ሆነው ደግሞ ያንኑ ጸሎት በሚያውቁት ቋንቋ ሰምተውታል። ያቺ የመጀመሪያዋ እሑድ ምን እንደመሰለች የምታስታውስ እኩያቸው ካለች ቶሎ ድረሺባት። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አይገኝም።

«የጣሊያን ሃይማኖት» የሚል ሰው ድንኳን ውስጥ አይጠፋም። አጎትሽም የፈራው ይሄን ይመስለኛል። መልሱን ይዘሽ ግቢ። ለኦሮሞው ምድር የተመደበው የካቶሊክ ሐዋርያዊ ቪካሪየት፣ ማለትም ገና ሀገረ ስብከት ያልሆነ የተልእኮ ክልል፣ የተቋቋመው በፈረንጆቹ በ1846 ነው። እዚያ የተመደቡት አቡነ ማስያስ ብዙ መንገድ ሞክረው፣ ብዙ ጊዜ ተመልሰው፣ በ1852 ደረሱ። ከዚያም ወደ እናሪያና ወደ ከፋ ዘለቁ። ጣሊያናዊ ነበሩ፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ያኔ ጣሊያን የሚባል አንድ መንግሥት ገና አልተመሠረተም። የመጡትም ያለ ጦር ነው። ሰው የፈንጣጣ ክትባት ሲሰጡ ስላየ «የፈንጣጣ አባት» ይላቸው ነበር። በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሀገር ወጡ። በ1913 ደግሞ የከፋ ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱር፣ ይህም ከቪካሪየት ያነሰ የተልእኮ ክልል ነው፣ ተቋቁሞ ኮንሶላታ ለተባለው የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር ተሰጠ። ይሄ ሁሉ የሆነው የፋሺስት ጦር ጅማ ከመግባቱ በፊት ነው። አቡነ ማስያስ ሲመጡና ያ ጦር ሲገባ መካከል 84 ዓመት አለ። የአኮ እምነት ከታንክ ጋር የመጣ አይደለም።

ይሄን ታሪክ ግን ሙት ዓመቱ ላይ አታንብቢው። ለአንቺና ለአጎትሽ ነው። ለሰው የሚነበበው አኮ ምን እንዳደረጉ ነው። ዓርብ ሥጋ የማይበሉ ከነበሩ፣ እሱን። የክርስትና ልጆቻቸው ስንት እንደነበሩ፣ ለየትኛዋ ነጠላ እንደገዙላት፣ ለየትኛው ሠርግ እንዳለቀሱ። ግድግዳው ላይ የነበረችው ሥዕል የት እንደተገዛች። የታመመ ሰው ቤት ሲሄዱ ምን ይዘው ይሄዱ እንደነበር።

አጎትሽን አስቀድመሽ ቤቱ ሄደሽ አነጋግሪው። ድንኳን ውስጥ ድንገት እንዳይሰማው። «አጎቴ፣ አንተ እንድትጸልይ አልጠይቅህም፤ እናትህ ምን ትጸልይ እንደነበር ልጽፍ ነው» በይው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ነገርም ጠይቂው፤ ልጅ ሆኖ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ሲሄዱ ምን ትዝ ይለዋል? ሲነግርሽ ድምፁ ይለወጣል ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ቀኑ ራሱ ጥቂት ልበል። የጅማ ቦንጋ ሀገረ ስብከት ውስጥ ያሉትን የአኮን ቁምስና (አጥቢያ) ካህን ቀድመሽ አነጋግሪ። ቅዳሴው ለአኮ እንዲሆን አስቀድሞ ይያዛል። የሚሰጠው ገንዘብ ዋጋ አይደለም፣ መባ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ራሱ ካህናት ለድሆች ያለ መባም እንዲቀድሱ አጥብቆ ይመክራል፤ ስለዚህ እጅሽ ባዶ ቢሆን እንኳ አትፈሪ። ሌላው ደግሞ፣ በካቶሊክ ሥርዓት በቀብር ቅዳሴ የሚሰጠው ስብከት ስለ ቃሉ እንጂ ሟቹን ለማወደስ አይደለም። የቤተሰብ ሰው የሚናገር ከሆነ ከቁርባን በኋላ፣ ከመጨረሻው የስንብት ጸሎት በፊት አጠር አድርጎ ነው። ለሙት ዓመቱ ቅዳሴ እንዴት እንደሚያደርጉት አባን ጠይቂ። ስለዚህ ሁለት ጽሑፍ ያስፈልግሻል። አንዱ ግማሽ ገጽ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተፈቀደልሽ። ሌላው ረጅሙ፣ እቤት፣ ሰው ቡና ይዞ ሲቀመጥ።

በረጅሙ ላይ «እሳቸው» በይ፤ ሽማግሌዎች አሉ። በግማሽ ገጹ ላይ ግን «አኮ» ብለሽ «አንቺ» ማለት ካማረሽ በይ። የልጅ ልጅ ነሽ፣ ማንም አይቀየምሽም።

ምግቡ የጾም ይሁን። ምስር፣ ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ዳቦ። ሙስሊሞቹም፣ ክርስቲያኖቹም ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ይሄን የጅማ ሰው ለጅማ ሰው አያስረዳም። ደግሞ በላቲኑ ሥርዓት ኖቬምበር 2፣ በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 23፣ የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ነው። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ባዶነት ሲሰማሽ ያ ቀን አለልሽ።

ስለ እህታቸው።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ሕዝብ ፊት «ከእህታቸው ጋር ተጣልተው ነበር» ብለሽ እንድታነቢ አልመክርሽም። የሌላዋ ሴት ጉዳይም ነው፤ እሷም በሕይወት አለች። ግን «ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ፣ ለሁሉ እናት» የሚለውንም አትጻፊ። እህታቸው እዚያ ተቀምጣ ስትሰማ ምን ይሰማታል? የዘጠኝ ዓመት ዝምታዋን ማንም እንዳላየ ይሆናል። መዋሸትና አለመናገር አንድ አይደሉም። ስለ ጠቡ ዝም በይ፤ የሌለ ሰላም ግን አትፍጠሪ።

ከዚህ ይልቅ ሂጂባት። ጠቡን ለመመርመር አይደለም። የአኮን ልጅነት ዛሬ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለሽም። እሷ ብቻ ናት። አብረው በአንድ አጎዛ የተኙ ናቸው። ማን ውኃ ይቀዳ ነበር? ከአዌቱ ወንዝ ነው ወይስ ከምንጭ? አባታቸው ምን ሠሩ? ማን ነው መጀመሪያ የተጠመቀው? ምናልባት በር ላይ ትመልስሽ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ዓመት ሙሉ የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ ነበር። ይሄን ጉብኝት አትዝለይው። ከሁለቱ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ሳምንት ይሁን፤ እሷም አሮጊት ናት። መታሰቢያው ላይም በስሟ አስጠሪያት፤ «ታናሽ እህታቸው» ተብላ ከፊት ትቀመጥ።

አኮ ቁጡ ከነበሩ ደግሞ ቁጡ ነበሩ በይ። ፈገግ የሚያሰኝ የቁጣቸው ታሪክ አይጠፋም። ሰው ሲስቅ «አዎ፣ እሳቸው ናቸው» ይላል።

ዕድሜያቸውን በተመለከተ። 88 ከነበሩ ልደታቸው 1929 ዓ.ም. ገደማ ላይ ይወድቃል። ጣሊያን ጅማ የገባበት ሰሞን ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ እናታቸው «ከጣሊያን በፊት የወለድኳት» ይሏቸው ነበር ወይስ «በጣሊያን ጊዜ»? የድሮ ሰው ዓመት ባይቆጥርም ይሄን አይስትም። ከዚህ የተሻለ ማስረጃም አለ። ካቶሊክ መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት መዝገብ እንዲይዝ ሕጉ ያዛል። መዝገቡ ላይ የተጠማቂው ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ ቀኑና ቦታው ይጻፋል። በኋላ ሜሮን ሲቀበሉና ሲያገቡም እዚያው ላይ ይታከላል። አኮ የተጠመቁበት ቁምስና ዛሬ ከሚያውቃቸው ቁምስና የተለየ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን አጣሪ። ስማቸውም አንቺ የምታውቂው ላይሆን ይችላል። በጥምቀት ስማቸው ፈልጊ። የውጭ ካህን የጻፈው ከሆነ አጻጻፉ በላቲን ወይም በጣሊያንኛ ሊሆን ይችላል፤ የአባታቸው ስም በፈረንጅ ጆሮ ተሰምቶ የተጻፈ ስለሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ያኔ ይገባሻል።

የቀን አቆጣጠሩን ተጠንቀቂ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መዝገቡ በፈረንጆቹ ከሆነ፣ ማርች 1937 ቢል በእኛ 1929 ነው፤ ስምንት ትቀንሻለሽ። ኦክቶበር 1937 ቢል ግን 1930 ነው፤ ሰባት ትቀንሻለሽ። መስከረም ላይ ነው የሚለወጠው። ደግሞ የጥምቀት ቀን የልደት ቀን አይደለም። ትልቅ ሆነው የተጠመቁ ከሆነ ልዩነቱ ዓመታት ይሆናል። መዝገቡ ባይገኝ «በ1929 ዓ.ም. ገደማ» ብለሽ ጻፊ። «ገደማ» ማለት ነውር አይደለም።

ፎቶዎቹን አሁኑኑ ሰብስቢ። ከእህታቸውና ከአክስትሽ ጋር ሆነሽ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ማን እንዳለ ጠይቂና ከጀርባው በእርሳስ ጻፊ። በእስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊት ያልፋል። በስልክሽም አንሺያቸው።

ሰው ስታነጋግሪ «ስለ አኮ ንገሩኝ» አትበይ። «ጥሩ ሴት ነበረች፣ ነፍስ ይማር» ይሉሽና ያበቃል። ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። መቁጠሪያዋን፣ ነጠላዋን፣ ስኒዋን። ዕቃው ያስወራል።

ረቂቁን ስትጨርሺ ለአክስትሽም ለአጎትሽም ቀድመሽ አንብቢላቸው። ስህተት ያለበትን ቀን፣ ስም፣ ቦታ ያርሙ። «ቡና ለቃሚ» እና «ካቶሊክ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ግን እንዳይነኩ ንገሪያቸው። ሌላው ሁሉ ለድርድር ክፍት ነው።

ለመጀመር ያህል እንዲህ ብለሽ ክፈችው። እንደወደድሽ ቀይሪው፦

«አኮ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ለ30 ዓመት በጅማ የቡና መጋዘን ቡና ለቀሙ። ከሥራ ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው መቁጠሪያቸውን ያነሱ ነበር። በቀን ቡናውን፣ በማታ ጸሎቱን፣ ሁለቱንም በዚያው ጣት ይቆጥሩ ነበር። ካቶሊክ ነበሩ። እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

ከዚህ በኋላ ያለው ያንቺ ነው።

አንድ ሰው ረስተሻል፤ ደብዳቤሽ ላይ የለችም። ጅማ ላይ 30 ዓመት የሠራች፣ በፈረንጅ አራዳ የኖረች ሴት ቡና የምታጣጣት ጎረቤት ሳይኖራት አይቀርም። የእድር ጓደኛቸው ትሁን፣ ግድግዳ የምትጋራቸው፣ ማናት? ሙስሊም ትሁን ኦርቶዶክስ፣ እሷ ልጆቹ የማያውቁትን ታውቃለች። አኮ ሲከፋቸው ለማን እንደነገሩ ታውቃለች። ምናልባት ያን ማታ ስልኩን እንዲደውሉ የረዳቻቸውም እሷ ትሆናለች። ነገ ሄደሽ አንኳኪ። ቡና በወረቀት ቋጥረሽ ያዢ፤ ያልተቆላ ይሁን፤ መቁላቱ ጊዜ ይሰጣችኋል። አቦሉ እስኪወርድ ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ቶናው ላይ ስኒውን ስትቀበይ የአኮን መቁጠሪያ ከቦርሳሽ አውጥተሽ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪው። ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ የጎረቤታቸውን ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቂያት።